ስለ አንድ ኢንች ዝቅታ

በአሮጌ ሸቭሮሌ ኮርቬት የኋላ ጎማ ውስጠኛ በኩል፣ ጎንበስ ብለው በባትሪ ካላዩት በማይታይ ቦታ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ብሎን አለ። ከላይ ጎማውን የያዘውን ክንድ፣ ከታች የባሌስትራውን ጫፍ ያገናኛል፤ ላይና ታች በጎሚኒና በሮንዴላ ታጅቦ ጫፉ ላይ በዳዶና በኮፒሊያ ይታሰራል። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1982 የተሠሩት ኮርቬቶች የኋላ ክብደት በእነዚህ በሁለቱ በኩል ያልፋል። መኪናውን የሚወዱ ሰዎች ስለ እነዚህ ብሎኖች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ የፋብሪካውን አውጥቼ ባለ 8 ኢንቹን ላስገባ? ወይስ ባለ 10 ኢንቹን? ወይስ እንዳለ ልተወው? ብሎኑ በረዘመ ቁጥር የመኪናው የኋላ ክፍል ወደ መሬት ይቀርባል፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተትም ይጠብባል። ጥያቄው የጋራዥ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በሜትር ተለክቶ የሚያልቅ ይመስላል። ጥቂት ስንቆይበት ግን ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ተኝቶ የምናገኝ ይመስለኛል፦ ሌላ ሰው አስቦ የሠራውን፣ እኛም ለጊዜው ብቻ የያዝነውን ነገር፣ ምን ያህል የራሳችን ልናደርገው ይገባል?

ብሎን ሲረዝም መኪና ዝቅ ማለቱ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። የሚሸከም ነገር ከረዘመ ከላዩ ያለው ከፍ ይላል ብለን ማሰብ ስለለመድን ነው። የኮርቬት ባሌስትራ ግን እንደ ጭነት መኪና በሻንሲው ርዝመት አልተዘረጋም። ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው አግድም ተዘርግቶ፣ ወገቡ በአራት ብሎኖች ከዲፈረንሻሉ ጋር ታስሯል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ከጎማ ክንዶቹ ሥር ይውላሉ። የመኪናው ክብደት ወገቡን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ጎማዎቹ ደግሞ መሬት ስለረገጡ በክንዶቹና በብሎኖቹ በኩል ጫፎቹን ወደ ላይ ይስቧቸዋል። በብሎኑ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል እንግዲህ የሚስብ ኃይል ነው። የመኪናው የኋላ አካል በጎማዎቹ ላይ ተቀምጧል ከምንል ከክንዶቹ ተንጠልጥሏል ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን፤ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ፋኖስ ገመዱ ሲረዝም ወደ ወለሉ እንደሚወርድ፣ ይህም እንዲሁ ይወርዳል። ነገሩን በዚህ ዓይን ካየነው በኋላ አንድ የተለመደ ሥጋት በከፊል ይቀልልናል። ለሚሳብ ብረት ጥንካሬውን የሚወስነው ውፍረቱና የብረቱ ዓይነት እንጂ ርዝመቱ አይደለምና፣ ረጅሙ ብሎን ረጅም በመሆኑ ብቻ ደካማ አይሆንም። ደካማ የሚሆነው ብረቱ ተራ ከሆነ ነው። በአሜሪካ ደረጃ የብሎን ራስ ላይ 3 ጭረት ሲኖር 5ኛ ደረጃ፣ 6 ጭረት ሲኖር 8ኛ ደረጃ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው በካሬ ኢንች ቢያንስ 120,000 ፓውንድ፣ ሁለተኛው ቢያንስ 150,000 ፓውንድ የመሳብ ኃይል ይችላል። ከየትኛውም የብረታ ብረት ሱቅ ርዝመቱ ስለገጠመ ብቻ የተገዛ፣ ራሱ ላይ ምንም ምልክት የሌለበት ብሎን እዚህ ቦታ መግባት የለበትም። ስለሌላው ጉዳይ ሁሉ በጥርጣሬ ብጽፍም በዚህ ላይ ግን የማመነታበት ምክንያት አይታየኝም፤ ብሎኑ ቢበጠስ የመኪናው አንድ ጎን ይወድቃልና።

ይህ አሠራር ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ ዞራ አርኩስ ዳንቶቭን እናገኛለን። ከሩሲያውያን ወላጆች በ1909 በብራስልስ የተወለደው ይህ መሐንዲስ፣ በ1953 መጀመሪያ በኒው ዮርክ ለዕይታ የቀረበውን የመጀመሪያውን ኮርቬት ካየ በኋላ በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ገባ። መኪናውን በመልኩ ወደደው፤ በአካሄዱ ግን የሚጎድለው ብዙ እንደሆነ ተረዳ። የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንዲንቀሳቀሱ ለማድረግ የሠራው ሥራ በ1960 በታየችው ሰርቭ አንድ በተባለች የሙከራ መኪና ላይ ተፈተነ፤ ከዚያም በ1963ቱ ኮርቬት ስቲንግ ሬይ ሥር ገባ። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል የሚያስተላልፈው ሴሚያክስ ራሱ የላይኛው ማያያዣ ሆኖ እንዲያገለግል ተደረገ፤ ከታች አንድ ቀጭን ዘንግ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚመጣ አንድ ክንድ፣ ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ አግድም ባሌስትራ። በትንሽ ዕቃ ብዙ ሥራ የሚሠራ ንድፍ ነው፤ ለሃያ የሞዴል ዓመታትም በመሠረቱ ሳይለወጥ ቆየ። ባሌስትራው ራሱ ከ1981 ጀምሮ በአንዳንዶቹ ላይ ከብረት ወደ ፋይበርግላስ ሲለወጥ፣ ከ40 ፓውንድ በላይ የነበረው ክብደት ወደ 8 ፓውንድ ገደማ ወረደ፤ የብሎኖቹ ሥራ ግን ያው ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥብ ንድፍ ውበቱም ችግሩም ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ዕቃ ከአንድ በላይ ሥራ ስላለው አንዱን ብቻ ለይተን ልንነካ አንችልም።

ይህን በቅርብ ለማየት መኪናውን አንድ ኢንች ዝቅ እናድርገውና ምን እንደሚከተል እናስብ። ሴሚያክሱና የታችኛው ዘንግ ርዝመታቸውም የተቀመጡበት ማዕዘንም እኩል ስላልሆነ፣ አካሉ ሲወርድ የጎማው ራስ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ መካኒኮች ካምበር የሚሉት ይህ ነው። ጥቂት ማዘንበል በኩርባ ላይ ይጠቅማል፤ ሲበዛ ግን ጎማው በውስጠኛው ጠርዝ ብቻ እየሄደ ያልቃል። ስለዚህ በታችኛው ዘንግ ሥር ያለውን ማስተካከያ መንካት ግድ ይላል፤ ከዚያም ጎማዎቹ ወደ ፊት የሚያዩበትን አቅጣጫ በክንዱ ራስ ላይ በሚገቡ ስስ ብረቶች እንደገና ማስተካከል ይመጣል። አካሉ እንቅስቃሴውን ወደሚገታው የላስቲክ ማረፊያ ስለሚቀርብ ጉድጓድ ሲያጋጥም የሚተርፈው መንገድ ያጥራል። ኋላው ብቻ ስለወረደ አፍንጫው ጥቂት ቀና ይላል፤ የፊት መብራቱም ከመንገዱ ይልቅ የሚመጣውን ሰው ዓይን መፈለግ ይጀምራል። ማርሚታውም ወደ መሬት ይቀርባል። ይህን ሁሉ ያመጣው በሁለት ብሎኖች ላይ የተጨመረ አንድ ኢንች ያህል ነው። መኪናን የማያውቅ አንባቢ ዝርዝሩን ሊዘነጋው ይችላል፤ ዋናው ነገር ሰዎች «ቁመት» ብለው የሚጠሩት ነገር ለብቻው የቆመ ባሕርይ አለመሆኑ ነው። ቁመት በብዙ ነገሮች መካከል የተደረገ ስምምነት ነው ለማለት ይቻላል፤ ከተስማሚዎቹ አንዱን ስናንቀሳቅስ ሌሎቹም ድምፃቸውን ያሰማሉ።

ታዲያ ለምን እንፈልገዋለን? የመጀመሪያው መልስ ብዙውን ጊዜ የአካሄድ መልስ ነው፦ ዝቅ ያለ መኪና በኩርባ ላይ ብዙ አያዘነብልም ይባላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ልኩን ማወቅ ይገባል። በኩርባ ላይ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው የሚተላለፈው ክብደት የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ካለው ከፍታ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ማዕከሉ 20 ኢንች ላይ ነው ብለን ብናስብ፣ መኪናውን በሙሉ አንድ ኢንች ማውረድ 5 በመቶ ይቀንሳል፤ ኋላውን ብቻ ማውረድ ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። በውድድር ሜዳ ላይ ይህ ቁም ነገር ሊሆን ይችላል። እሑድ ጠዋት በከተማ ዳር ለሚነዳ ሰው ግን ልዩነቱን ከወንበሩ ላይ ሆኖ መለየት የሚችል ስንቱ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። በዚያ ላይ በአንዳንድ ንድፎች መኪናው ሲወርድ የሚያዘነብልበት ማዕከል ከክብደት ማዕከሉ በበለጠ ይወርድና የተገኘውን ጥቅም መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ ሐቀኛው መልስ፣ ቢያንስ ለአብዛኞቻችን፣ የዓይን መልስ ነው። እንዲያምር እንፈልጋለን። ይህን ለመናገር ማፈር የሚገባን አይመስለኝም። የዚያ መኪና መልክ በቢል ሚቼል መሪነት ሲሣል የፓራፋንጎው ቅስት፣ የወገቡ ጥበት፣ የኋላው ጭራ በብዙ ጥንቃቄ የተመዘኑ ነበሩ፤ ጎማው በዚያ ቅስት ውስጥ የት መዋል እንዳለበት የሚጠይቅ ሰው መኪናውን በደንብ አይቶታል ማለት ነው። ዓይን የሚጠይቀውን በአካሄድ ስም ስንጠይቅ ግን መልካም ምርጫ ማድረግ ይከብደናል፤ የምንለካው አንድ ነገር፣ የምንፈልገው ሌላ ነገር ይሆናልና።

«እንደ ፋብሪካው ይሁን» የሚለው መልስም ሲጠጉት የሚመስለውን ያህል ጽኑ መሬት የለውም። የፋብሪካው ቁመት የትኛው ነው? የሃምሳና የስድሳ ዓመት ባሌስትራ ደክሞ ወርዷል፤ ባለቤቱ ግን ያደገው በዚያ ዝቅታ ነውና እሱን «ትክክለኛው» ብሎ ይዞታል። ባሌስትራውን በአዲስ ሲለውጥ የመኪናው ጅራት ሽቅብ ይወጣል፤ አዲሶቹ አንዳንዴ ከጥንቱ ይልቅ ጠንካራ ሆነው ስለሚሠሩ ከፋብሪካው ልክም በላይ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ረጅሙ ብሎን ለውጥ ሳይሆን መመለሻ ነው። ነዳጁም አለ፤ ታንኩ ከኋላ ነውና ባለ 20 ጋሎኑ ሲሞላ ወደ 120 ፓውንድ ይጨምራል፤ ሙሉና ባዶ ታንክ ያለው ያው መኪና ሁለት ቁመት ያሳያል። ሕግም ቁመት ይወስናል። የእንግሊዙን ኤም ጂ ቢ እንውሰድ። በ1974 የአሜሪካን የፓራውልትና የፊት መብራት ከፍታ ደንብ ለማሟላት፣ ፋብሪካው የመኪናውን ፊት እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ በትልልቅ ጥቁር የጎማ ፓራውልቶች ሸፈነውና መላ አካሉን በአንድ ኢንች ገደማ ከፍ አደረገው። አካሄዱ ተጎዳ፤ ብዙ ነጂዎችም ይህን በግልጽ ተሰማቸው። ከዚያ ዘመን የሆነ ኤም ጂ ቢ ያለው ሰው ዛሬ መኪናውን ዝቅ ቢያደርግ ከፋብሪካው ራቀ እንላለን ወይስ ወደ ቀደመው ሐሳብ ተመለሰ? ሁለቱም እውነት አለባቸው። «ጥንተ መልክ» የምንለው ነገር በአንድ ቀን ተወልዶ የቆመ አይደለም፤ መሐንዲሱ፣ ሒሳብ ክፍሉ፣ ሕግ አውጪውና ድካም ራሱ በየተራ የፈረሙበት ነው።

በአገራችን ባሌስትራ ሲነሣ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማስነሣት እንጂ ስለ ማውረድ አይደለም። የጭነት መኪና ባሌስትራ ላይ ቅጠል የሚያስጨምር ሹፌር ከሚጭነው ኩንታልና ከሚሄድበት ፒስታ ጋር እየተነጋገረ ነው። እሱ የሚጠይቀው ጥያቄ ከኮርቬቱ ባለቤት ጥያቄ ጋር አንድ ነው ባይ ነኝ፤ የተቀበልኩት ነገር ለምኖርበት ሕይወት ስንት ይጎድለዋል ወይም ስንት ይተርፈዋል የሚል ነው። ልዩነቱ ሹፌሩ መልሱን ከመንገዱ መስማቱ ነው። ለውበት የሚመርጥ ሰው ግን የሚያርመው ጉድጓድ ስለሌለው፣ ልኩን ከራሱ ውስጥ ማውጣት ይኖርበታል።

ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ በሜሪላንድ አንድ ሰፈር፣ የአገራችን ሰው በያዘው ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ይህ ሥራ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። መኪናው የ1972 ኮርቬት ነበር፤ ባለቤቱ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ነው፤ መኪናውን ትቶ ሄዷል። ጎማው ወልቋል፤ አካሉ በማቆሚያ ብረቶች ላይ አርፏል። መካኒኩ ክሪኩን ከባሌስትራው ጫፍ ሥር ከማስገባቱ በፊት ክሪኩ እንዳይንሸራተት ባሌስትራው ላይ ሞርሳ አጥብቆ አሰረ፤ የተጫነ ባሌስትራ ቢያመልጥ የሰው እጅ እንደሚሰብር ደጋግሞ ለረዳቱ ነገረው። ከዚያም ቀስ እያለ አነሣው፤ ብሎኑ ላይ የነበረው ውጥረት ሲላላ በዛገው ሮንዴላ ዙሪያ የደረቀ ጭቃ ረገፈ። ኮፒሊያውን በፒንሳ አውጥቶ ዳዶውን ፈታ፤ ጎሚኒዎቹ በጊዜ ብዛት እንደ እንጨት ደርቀው ተሰነጣጥቀው ነበር። ረዳቱ ወጣት ሁለቱን አዳዲስ ብሎኖች አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ ረጅሙን እናስገባው እንዴ?» አለ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ለካ። ሰውዬው የነገረን ስንት ዝቅ እንዲል እንደሚፈልግ ነው እንጂ ስንት ብሎን እንደሚፈልግ አይደለም» ሲል መለሰለት።

ይህች መልስ ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ ትመላለሳለች። ሁላችንም ብዙ ጊዜ የምንመርጠው ነገሩን ሳይሆን መሣሪያውን ነው፤ ባለ 8 ወይስ ባለ 10 ስንል ስለ ብሎን እየተከራከርን፣ በስተጀርባው ያለው ፍላጎት ግን ሳይለካ ይቀራል። የብሎኑ ኢንችና የመኪናው ኢንችም እኩል አይደሉም። ብሎኑ ያለው በጎማው መካከል ስላልሆነ፣ ክንዱም በክብ መንገድ ስለሚንቀሳቀስ፣ በብሎኑ ላይ የጨመርነው በፓራፋንጎው ላይ በትክክል ያንኑ ያህል ሆኖ አይታይም። በዚያ ጋራዥ ያየሁት አለካክ እንዲህ ነበር፦ ከመሬት ተነሥቶ በጎማው መካከል አልፎ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር፣ በቀኝም በግራም፤ መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ የተወጠረው ሁሉ ከተረጋጋ በኋላ። ሥራው ሲያልቅም ባለቤቱ ጥቂት ቀን እንዲነዳውና ተመልሶ እንዲመጣ ተነገረው፤ አዲስ ጎሚኒ ይረግባል፤ ባሌስትራም ቦታውን ይይዛል። ልክ የሚታወቀው ከተኖረበት በኋላ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በጋራዥ ውስጥ እንደ ቴክኒክ ይቆጠራል፤ እኔ ግን ከዚያ የሰፋ ጨዋነት አየሁበት።

በሌላው ወገን የቆሙ ሰዎች አሉ፤ እነሱም ሊደመጡ ይገባል። በአሜሪካ በ1974 የተመሠረተ፣ የኮርቬትን ጥንተ መልክ የሚጠብቅ ማኅበር አለ። ዳኞቹ መኪናውን የሚመዝኑት ከፋብሪካው በወጣበት ቀን እንደነበረው ሆኖ ስለመገኘቱ ነው፤ በብሎን ራስ ላይ ያለ የአምራች ምልክት ሳይቀር ነጥብ ያስጨምራል፣ ነጥብ ያስቀንሳል። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ከመጠን ያለፈ ይመስለዋል። እኔ ግን እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር በደንብ የሚያውቁ ይመስለኛል፦ የኛ ዘመን ዓይን የመጨረሻው ዓይን እንዳልሆነ። የ1963ቱ ስቲንግ ሬይ ኩፔ የኋላ መስኮቱ በመካከሉ በሚያልፍ ዘንግ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ቢል ሚቼል ለዚያ መስመር ተሟገተ፤ ዳንቶቭ ደግሞ የኋላ ዕይታን ስለሚጋርድ ተቃወመው። በ1964 ዘንጉ ቀረ። በዚያን ጊዜ የ63ቱ ባለቤቶች የነበሩ አንዳንዶች መኪናቸው ያረጀ እንዳይመስል ያንን ዘንግ ቆርጠው ጥለው የ64ቱን አንድ ወጥ መስታወት አስገቡ። ዛሬ ለሁለት የተከፈለው መስኮት ከኮርቬቶች ሁሉ እጅግ ከሚፈለጉት ምልክቶች አንዱ ነው፤ የተሠሩት ኩፔዎች 10,594 ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ጥቂቶቹ ያንን ምልክት ያጡት በገዛ ባለቤቶቻቸው እጅ ነው። እነዚያ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በዘመናቸው ዓይን አዩ፤ ኋላቸውን አጥርተው ማየት መፈለጋቸውም ተገቢ ነበር። የጎደላቸው ነገር ቢኖር፣ የሚቆርጡት ነገር ተመልሶ እንደማይመጣ ለማሰብ ጥቂት መቆየት ነው።

ብሎኑ ከመጋዙ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ባሌስትራን ማስደብደብ፣ ሞላ መቁረጥ፣ ሻንሲ መበየድ አለ፤ ብሎን መለወጥ ግን የፋብሪካውን አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በከረጢት አስሮ መደርደሪያ ላይ ማኖር ነው። የሚቀጥለው ባለቤት፣ ወይም በአሥር ዓመት ውስጥ የሚለወጠው የራሳችን ዓይን፣ በግማሽ ቀን ሥራ ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል። እንግዲህ መለወጥና መጠበቅ የግድ ተቃራኒዎች አይደሉም ብለን ለማሰብ የሚያስችለን አንድ ትንሽ ምሳሌ አገኘን። ነገር ግን እዚህ ላይ ቸኩለን ልንረካ አይገባም። የሚመለስ ውሳኔ አንዳንዴ የማይመለስ ውሳኔ ይጎትታል። የኮርቬት አካል ከ1953 ጀምሮ ፋይበርግላስ ነው፤ ብረት ቢሆን የሚጎብጠው ቦታ እሱ ላይ ይሰነጠቃል። ሰፊ ጎማ ያስገባ ሰው ባለ 10 ኢንቹን ብሎን ጨምሮ መኪናውን ሲያወርደው፣ በመጀመሪያው ጉብታ ላይ ጎማው የፓራፋንጎውን ከንፈር ይነካል። ያን ጊዜ ብሎኑን ማሳጠር ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ከንፈሩን መሞረድ ነው። በሙዚየም ውስጥ እንኳ ቢገባ የማይድን ቁስል የሚሆነው ይሄ ነው። ያስከተለው ግን ያለ ምንም መጋዝ የገባ ብሎን ነው። ስለዚህ «ይመለሳል» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ ዋስትና አይሆንም። የምንለውጠው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ እሱን ተከትሎ «እንግዲህ ይህንንም» የምንለው ነገር አብሮ መታሰብ አለበት።

በሁለቱ ርዝመቶች መካከል ያለውም ልዩነት ከሁለት ኢንች ብረት የሰፋ ነው። የፋብሪካው ብሎን ኮፒሊያ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ ዳዶው እዚያ ድረስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያ ውይይት የለም። ከረጃጅሞቹ ብሎኖች አንዳንዶቹ ግን ረጅም ጥርስ ወጥቶላቸው በራሱ በሚቆልፍ ዳዶ ስለሚታሰሩ፣ ባለቤቱ በጥርሱ ርዝመት ውስጥ የፈለገው ቦታ ላይ ማቆም ይችላል። ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፤ ግራና ቀኙን ማስተካከል፣ የነጂውን ክብደት ማካካስ፣ ባሌስትራው ሲረግብ መከታተል ያስችላል። ባለ 10 ኢንቹን የሚመርጡ ሰዎች የሚያቀርቡት ጠንካራ ምክንያት ይህ ነው፤ ረጅም ከያዝኩ ዳዶውን ወደ ላይ በማጥበቅ የአጭሩን ልክ ማግኘት እችላለሁ፤ አጭር ከያዝኩ ግን የረጅሙን አላገኝም ይላሉ። የሚያስኬድ ሐሳብ ነው። በአንጻሩ ጥቅም ላይ ያልዋለው ጥርስ ከዳዶው በታች ተንጠልጥሎ ለጭቃና ለድንጋይ ተጋልጦ ይቀራል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ቀዳዳ ያለው ብሎን መልሱን ራሱ ይሰጥ ነበር፤ ረጅም ጥርስ ያለው ግን በየጊዜው እኛን ይጠይቀናል፤ መልሳችንም በየጊዜው ጥቂት ወደ ታች የማዘንበል ጠባይ አለው። ዓይን ዝቅታን ቶሎ ይለምዳል፤ ትናንት በቂ የነበረው ዛሬ ከፍ ያለ ይመስለዋል።

ስለዚህ ማንም ቢጠይቀኝ፣ በመንገድ ላይ ለሚሄድና አካሉ ላልተነካ መኪና ባለ 8 ኢንቹን፣ 6 ጭረት ያለውን፣ ከአዲስ ጎሚኒ ጋር እንዲያስገባ፣ ካምበሩንም ሳያስተካክል ሩቅ እንዳይነዳው እመክረው ነበር። ለውድድር ተሠርቶ ያለቀ፣ የታችኛው ዘንግ ማያያዣም አብሮ የወረደለት መኪና ከሆነ ምናልባት ባለ 10 ኢንቹ ትክክል ይሆናል፤ እዚያ የሚወስነው ሰዓት ያዡ ነው። ከፋብሪካው እንደወጣ የቆየ፣ እጅ ያልነካው ብርቅ መኪና ከሆነ ደግሞ ባይነካ ደስ ይለኛል፤ ግን መኪናው የእኔ አይደለም፤ ባለቤቱም ከእኔ በላይ ዓይኑን ያሳረፈበት ነው። ይህን ሁሉ ያልኩት ጥቂት መኪኖችን አይቼ፣ ከሚያውቁ ሰዎች ሰምቼ ነው፤ በብረቱ ላይ ዕድሜውን ያሳለፈ መካኒክ ከዚህ የተለየ ልክ ቢነግረኝ ክሪኩን ይዤ ለማዳመጥ ዝግጁ ነኝ።